ሦስቱ የኮት ቁልፎች

በሺህ ስምንት መቶ ዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት፥ ከተማዪቱ በተከበበች በአርባ አንደኛው ቀን፥ ከረፋዱ በሦስት ሰዓት፥ ልብስ ሰፊዋ መርፌ ጠፋባት። በዚያችው ሰዓት የጠላት መድፍ የምሽጉን ሰንደቅ ዓላማ ከነገመዱ በጣጥሶ ጣለው፤ ክቡር ገዢውም ከነሹማምንታቸው ወደ ምድር ቤት ወረዱ። መርፌዋ የተገኘው የገዛ ቀሚሷ ደረት ላይ ተሰክቶ ነው።

ሰንደቁ ካልታየ፥ ከወንዙ ማዶ የሚዋጋው ባሏ ከተማዪቱ እጅ ሰጠች ብሎ መሣሪያውን ይጥላል። ስለዚህ አንሶላዋንና መጋረጃዋን ቀዳ ሌላ ሰንደቅ ሰፋች፤ ገመድ ቢጠፋ ከባሏ ኮት ሦስት ቁልፍ ነቅላ፥ ለጨዋ ሰው ኮት እንደሚደረገው በጨርቁ ጠርዝ እጥፋት፥ በቅምቅማቱ ውስጥ ሸሽጋ ተከለች። የምሽጉ ማማ ላይ ወጥታም የሰንደቁን መስቀያ እንጨት በጨርቁ እንደ ሰው ኮት አልብሳ ቆለፈችው።

ባሏ ድል አድርጎ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀው፥ «የኮቴ ቁልፍ ወዴት ገባ?» ብሎ ነው። ነገረችው። ሌላ ልትተክልለት ብትል፥ «ተይው፤ ቁልፌ ያለበትን አውቃለሁ» ብሎ ደረቱን ከፍቶ ይሄድ ጀመር።

ሰንደቁን ግን ገዢው «በእጄ ሰቀልሁት» አሉ፤ ከተማውም ሁሉ «አጠገብዎ ነበርን» አለ። ልብስ ሰፊዋ እውነቱን ብታወራ፥ ጎረቤቷ ፀጉር ቆራጩ ሳቀባት።

«አንቺ ደግሞ! ያን ቀን ምድር ቤት እንኳ አላየንሽም፤ የት ሸሽተሽ ነበር?»

በዓመቱ በድሉ መታሰቢያ፥ ገዢው ያንኑ ሰንደቅ ይዘው ማማው ላይ ወጥተው፥ «እንደዚያን ቀን ዛሬም በእጄ እሰቅለዋለሁ!» አሉ። ሙዚቀኛው መዝሙሩን ጀመረ። ገዢው የገመዱን ማስገቢያ ፈለጉ፤ በላይ የለም፥ በታች የለም። መዝሙሩ አለቀና እንደገና ተጀመረ።

«ሂጂ እንጂ፥ ሰውዬው በላብ አለቁ!» አለ ባሏ።

ወጣች። «ክቡር ሆይ፥ ይፍቀዱልኝ፤ በዚህ በኩል ነው» ብላ ቅምቅማቱን ገለጠች፤ አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት ብላ ቆለፈች። ሰንደቁ ነፋሱን ያዘ።

ድንጋዩ ላይ እስከ ዛሬ ተቀርጾ ያለው የገዢው ስም ነው፤ የእርሷን የጻፈ የለም። ያን ዕለት ግን ለገዢው ያጨበጨበ አልነበረም፤ ሕዝቡ ሽቅብ ቁልፎቹን አየ፥ ቀጥሎም ዞር ብሎ፥ በመካከሉ ደረቱን ከፍቶ ቀጥ ብሎ የቆመውን ሰው ኮት አየ። መጀመሪያ ባርኔጣውን ያወለቀው ፀጉር ቆራጩ ነው።