ኮሪደሩ ላይ የቆመችው ብስክሌት

ቀጭኔ የሚሉት ልጅ አውራ ጣቱን የብስክሌቷ ጎማ ላይ አሳርፎ ጫን አለው። አልሰመጠም። በሁለት እጁ ጨብጦ እንደገና ተጫነው። ጎማው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። እሳት እንደነካ ሰው እጁን ሰበሰበ።

ከወዲያኛው ክፍል የአባቱ የስፌት መኪና ይሰማል። ትንሽ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሮጣል።

ብስክሌቷ የእናቱ ነበረች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ እናቱ በውድድሩ ማለዳ እንዳሰናዳቻት። ሄልሜቱ መሪው ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል፤ ማሰሪያው ተፈትቶ ወዲህና ወዲያ ተንጠልጥሏል፤ የፀሐይ መነጽሯም በውስጡ ነው። ጫማዎቿ ፔዳሉ ላይ እንደተገጠሙ በቀጭን ላስቲክ ተይዘዋል። ከውኃ ወጥታ ስትሮጥ እግሯን ሰተት አድርጋ እንድታስገባባቸው ነበር።

«ማንም እንዳይነካት» ያለው አባቱ ነው። አንዴ ብቻ ነው ያለው፤ መድገም አላስፈለገውም። ቀጭኔ ቤቱን ሲጠርግ እንኳ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ ይመስል መጥረጊያውን ከጎማዎቹ አርቆ ያልፋል።

ታዲያ ጎማውን ማን ነፋው?

ጥያቄውን ይዞ የመጣው ከብስክሌት ጠጋኙ ሱቅ ነው። ጠጋኙ ከሰዓት በኋላ የቀጭኔን የራሱን ብስክሌት ገልብጦ፣ ዋናውን ብረት፣ ቴላዮውን፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ ከፔዳሉ በላይ አንድ ቦታ በጥፍሩ ቧጠጠ። ብረቱ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቋል።

«አየህ? አበቃላት» አለ። «ብበይዳትም ቁልቁለት ላይ ለሁለት ትከፈልብሃለች። ያኔ ጥርስህን ከአስፋልት ላይ የምለቅምልህ እኔ አይደለሁም።»

«ጋሼ፣ ውድድሩ እኮ ከነገ ወዲያ ነው!» ብላ ጮኸች እንቁራሪት።

እንቁራሪት የክፍል ጓደኛው ናት። ስሙ የወጣላት ከውኃ ስለማትወጣ ነው፤ እሷም አልከፋትም። እሱን ቀጭኔ ያለችው ደግሞ እሷ ናት። በአንድ ክረምት ተመዞ ሱሪዎቹ ሁሉ ሲያጥሩት ያወጣችለት ስም ነው። ትምህርት ቤታቸው ለትሪያትሎን ቅብብል ሦስት ልጆች አስመዝግቧል። እሷ ትዋኛለች፣ ቀጭኔ ብስክሌት ይነዳል፣ ከሌላ ክፍል የመጣ ልጅ ይሮጣል። የእነሱ አጭር ነው፤ ከጎኑ ግን ቀኑን ሙሉ የሚፈጀው የትልልቆቹ ውድድር ይካሄዳል። ሐይቁ ያው የእናቱ ሐይቅ ነው፤ እሷ የዋኘችበት።

ቀጭኔ ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰ። ደስ አለው። በመደሰቱም አፈረ።

«የእናትህ ብስክሌትስ?» አለች እንቁራሪት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አሁን እኮ ቁመትህ ይደርሳል።»

«አባቴ ሸጧታል።»

ጠጋኙ ካጎነበሰበት ቀና አለ። «ማን ሸጣት? ባለፈው ወር የኋላ ጎማዋን ከዚሁ ከእኔ ገዝቶ የቀየረው አባትህ አይደል እንዴ?»

እንቁራሪት ወደ ቀጭኔ ዞረች። «አንተ፣ አንገትህ ረዝሞ ደም ጭንቅላትህ ጋ አልደርስ አለህ? የገዛ ቤትህ ያለውን አታውቅም?» ብላ ሳቀች። ፊቱን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው።

«ቆማ ነው የምትውለው» አለ ቀጭኔ። «ማንም አይነካትም።»

«የማትነዳ ብስክሌት ጎማዋ በሳምንት በሳምንቱ ይተነፍሳል» አለ ጠጋኙ መፍቻውን እየጠረገ። «ሄደህ ጫን አድርገህ እየው። ከጠጠረ የሚነፋት ሰው አለ ማለት ነው።»

መንገድ ላይ እንቁራሪት ከፊቱ ከፊቱ ሄደች። ኋላ ቆም አለች።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«እኔ እንጃ።»

«መንዳት ካልፈለግህ ንገረኝ። ከሰው አፍ ከምሰማው።»

«አልፈራሁም።»

«ማን ፈራህ አለህ?»

ቀጭኔ አንዲት ጠጠር በእግሩ ገፋ። እንቁራሪትም የቦርሳዋን ማንገቻ አጥብቃ ያዘች። «ነገ እስከ አሥር ሰዓት ብስክሌቱን ካላስፈተሽን ስማችን ይሰረዛል። አሰልጣኙ ያልቻለ ካለ ሌላ ልጅ ፈልጋችሁ ተኩ ብሎናል። እኔ ግን ከዚያ ውኃ ስወጣ የማውቀው ሰው ቆሞ እንዲጠብቀኝ ነው የምፈልገው። ሌላ ሰው ከሆነ ይቅርብኝ።»

ቀጭኔን የጨነቀውም ይኸው መጠበቅ ነው። በቅብብል ጊዜ ነጂው ብስክሌቶቹ በሚደረደሩበት ሜዳ፣ ብስክሌቱ አጠገብ ቆሞ ዋናተኛውን ይጠብቃል። ዋናተኛው ሮጦ ይመጣና ቁርጭምጭሚቱ ላይ የታሰረውን የሰዓት መመዝገቢያ ፈትቶ ያስረክበዋል። ያ እስኪሆን ድረስ ነጂው ከመቆም በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። ቀጭኔ ደግሞ እዚያ ሜዳ ላይ መቆም ምን እንደሆነ ያውቃል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር። አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ ከእናቱ ብስክሌት ፊት ለፊት ቆሟል። ስትመጣ ስሟን ሊጠራ፣ እሷም በእጇ ውኃ ልትረጨው ተነጋግረዋል። ብስክሌቶቹ በረድፍ በረድፍ ተሰቅለው ሜዳው ጠቅጠቅ ብሎ ነበር። ዋናተኞቹ እየሮጡ መጡ፤ ብስክሌታቸውን እያነሱ ሄዱ። ሜዳው እንደ አሮጌ ሰው ድድ እየሳሳ መጣ። በመጨረሻ የእናቱ ብስክሌት ብቻ ቀረች። ሄልሜቷ ተገልብጦ፣ ጫማዎቿ ተዘጋጅተው። ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ዳኛ መጥቶ ቁጥሯን አነበበና ሬዲዮኑን ወደ አፉ አስጠጋ። ቀና ሲል ልጁን አየው፤ ጀርባውንም ሰጠው።

«የገደላት ልቧ ነው፤ ውኃው አይደለም» አሉ ሐኪሞቹ ኋላ። ቀጭኔ ልዩነቱ እስከ ዛሬ አልገባውም።

ከዚያ ወዲህ ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ደረጃው ላይ ሳለ፣ ከበሩ ጀርባ የቸርኬ ድምፅ ይሰማል። ጥክ፣ ጥክ፣ ጥክ... እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄድና ይቆማል። በሩን ሲከፍት ኮሪደሩ ላይ ከብስክሌቷ በቀር ማንም የለም። አባቱ ስፌቱ ላይ ነው። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ቀጭኔ የገዛ ቤቱን አንኳኩቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ መግባት ለመደ። ውስጥ ያለው ምንም ይሁን ምን ጊዜ እንዲያገኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አባቱ ጥቁር ክር እንዲያመጣ ላከው። ክሩን ከቅርቡ ሱቅ አገኘውና ቶሎ ተመለሰ። ደረጃው ላይ ድምፁን ሰማ። ጥክ፣ ጥክ፣ ጥክ። እጁን ለማንኳኳት አነሳ፤ አየር ላይ አቆየውና አወረደው። ቁልፉን ቀስ ብሎ አዞረና በሩን በስሱ ገፋ አደረገ።

አባቱ ብስክሌቷ ሥር ተንበርክኳል። የልብስ መለኪያው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የጎማ መንፊያው ከአጠገቡ ነው። የኋላ ቸርኬዋን ከመሬት አንስቶ አሽከርክሮታል፤ የታመመ ሰው ትንፋሽ እንደሚያዳምጥ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማል። ቸርኬው ሲቆም በአውራ ጣቱ ጎማውን ጫን አለ። ከዚያ በተከፈተው የስፌት ክፍል በር በኩል ወደ መስኮቱ አየ።

«ዛሬ ነፋስ የለም» አለ።

መልስ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ቀጭኔ ቃሉን ያውቀዋል። በየማለዳው እናቱ ሄልሜቷን እያሰረች ከዚሁ ኮሪደር «ነፋስ አለ?» ብላ ትጮኽ ነበር። አባቱ ከስፌት መኪናው ሳይነሳ መጋረጃውን ገልጦ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ላይ የተሰጣውን ያያል። «የለም፣ ሂጂ» ይላል፤ ወይም «ከፊት ነው፤ ዛሬ ታለቅሻለሽ!»። እሷም ስቃ ትወጣለች። ሁለት ዓመት የጠየቀ ሰው የለም። አባቱ ግን ይመልሳል።

ጋኔን ሆኖ ቢገኝ ይሻለው ነበር። ጋኔንን ሰው ይሸሸዋል።

በሩን መልሶ ዘጋ። ደረጃው ላይ ጥቂት ቆየና አንኳኳ። ጉሮሮውን ጠረገ። ሲገባ ኮሪደሩ ላይ ሰው አልነበረም፤ የስፌት መኪናው ይሮጣል።

«ቶሎ መጣህ» አለ አባቱ ቀና ሳይል።

«ቅርብ አገኘሁ።»

ክሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አባቱ የሚሰፋው ነጭ ሸሚዝ ነው፤ ኮሌታው ላይ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ አርፎበታል። ሁለቱም አሻራውን አዩት።

«ይታጠባል» አለ አባቱ።

«አባዬ፣ የእኔ ብስክሌት ተሰበረች።»

«ጠጋኙ ነገረኝ።»

«ውድድሩ ነገ ነው። ዛሬ ካላስፈተሽን ይሰርዙናል።»

«እሱንም ሰማሁ።» መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት ሞከረ፤ ሳተው። ጫፉን በምራቁ አርሶ እንደገና ሞከረ። «ያቺ ልጅ ጎበዝ ዋናተኛ ናት?»

«እንቁራሪት እኮ ናት፣ አባዬ።»

አባቱ ፈገግ ሊል ነበር፤ ፊቱ ግን እምቢ አለው። «እናትህም ጎበዝ ነበረች» አለ። መኪናውን ማስኬድ ቀጠለ።

ቀጭኔ ሂድም፣ ቅርም አልተባለም። ምሳ ከበሉ በኋላ ከታች ፉጨት ሰማ። በመስኮት ሲያይ እንቁራሪት ደጃፉ ላይ ቦርሳዋን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«አልመጣሁም!» አለች ቀና ብላ። «ዝም ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ደጁ የአባትህ ነው እንዴ?»

«ነው እኮ።»

«እንግዲያው ኪራይ ላስብ። እስከ ዘጠኝ ተኩል ነኝ፤ ከዚያ እሄዳለሁ።»

ቀጭኔ መስኮቱን ዘጋ። ሰበብ ማቅረብ ቀላል ነበር፤ አባቴ ከለከለኝ ቢል ማንም አይጠይቀውም። እንቁራሪት እንኳ ታምነዋለች። ይህን እያሰበ ኮሪደሩ ላይ ራሱን አገኘው።

መነጽሩን ከሄልሜቱ ውስጥ አወጣና መስታወቱ ላይ ያረፈውን አቧራ በልብሱ ጠረገ። ላስቲኮቹን በጠሳቸው፤ ደርቀው ኖሮ በትንሹ ተበጠሱ። ጫማዎቹን ከፔዳሉ ፈታ። እግሩ ከእናቱ እግር በልጧል፤ አይሆኑትም። ሰው ከመንገድ ሲገባ እንደሚያወልቃቸው አድርጎ ጎን ለጎን ግድግዳው ሥር አኖራቸው። ከኮርቻው አጠገብ ሲቆም ኮርቻው ልክ ዳሌው ጋ ደረሰ። እናቱ ጋ የሚደርሰውም እዚያ ነበር። ዝቅም ከፍም ማድረግ አላስፈለገውም።

ሄልሜቱን ገልብጦ አጠለቀው። ማሰሪያው አገጩ ሥር ቀጭ ብሎ ገጠመ። ድምፁ ኮሪደሩ ውስጥ ጎላ ብሎ ተሰማ፤ በወዲያኛው ክፍል የስፌት መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ።

ቀጭኔ መሪውን ያዘ። ድምፁ እንዳይሰበርበት ፈራ፤ ቢሰበርም ይሰበር አለ።

«አባዬ» አለ። «ነፋስ አለ?»

የስፌት መኪናው ቆመ።

ከታች መንገዱ ላይ አንድ መኪና አለፈ። ቀጭኔ ሊጸጸት ሲጀምር ወንበር ሲገፋ ሰማ። ከዚያም የመጋረጃው ቀለበቶች በብረቱ ላይ ቀስ ብለው ሲንሸራተቱ ተሰማው።

አልተንቀሳቀሰም። ብስክሌቷን በመሪዋ ይዞ በሩ አጠገብ ቆሞ ጠበቀ።