ቱዳ ማራኬሽ ናት

ኢቶ የገብስ ዳቦውን እየቆረሰች ሳለ ኤሎዲ የቱዳን ስም ጠራች።

የኢቶ እናት ላላ ፋድማ ሻይ መቅዳቷን አቆመች። ፈረንሳይኛ አትሰማም። በመሬት መንቀጥቀጥ የሞተች ልጇን ስም ግን በየትኛውም ቋንቋ መሀል ትለየዋለች።

«ምን አለች?»

«ምንም እማ። ሻዩ ጣፈጠኝ ነው የምትለው።»

«ደንቆሮ አደረግሽኝ እንዴ? ስሟን ስትጠራ ሰምቻታለሁ!»

ኤሎዲ በመንቀጥቀጡ የፈረሰውን የመንደሩን ትምህርት ቤት መልሰው ሊሠሩ ከቤልጂየም ከመጡት በጎ ፈቃደኞች አንዷ ናት። እነኢቶ ቤት ካረፈች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ነገ ጠዋት ትሄዳለች። ድንጋይ ስትሸከም እጇ ውኃ ቋጥሮ እንኳ ትስቃለች። ኢቶ ገና አሥራ አራት ዓመቷ ቢሆንም የቤቱ አስተርጓሚ እሷ ናት።

ኤሎዲ የመጣች ዕለት ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አይታ፣ «ይቺ ቆንጆ ማን ናት?» ብላ ነበር።

«እህቴ ናት። ቱዳ ትባላለች።»

«አሁን የት ናት?»

«ሞታለች» ለማለት የሚሆን ፈረንሳይኛ ኢቶ አላጣችም። ቃሉ ግን ከአፏ አልወጣ አላት። «ማራኬሽ ከተማ ትማራለች» አለች።

ከዚያ በኋላ ኤሎዲ ከኢቶ ጋር ብቻቸውን ሲሆኑ በየቀኑ ስለ ቱዳ ትጠይቃለች። ኢቶም ለእህቷ የመኝታ ክፍል ሰጠቻት፤ የምታንኮራፋ ጓደኛ ሰጠቻት፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጉንፋን አስያዘቻት። ስታወራ ለጥቂት ደቂቃ ራሷም ታምነዋለች።

«ነገ የማድረው ማራኬሽ ነው» አለች ኤሎዲ አሁን፣ ዓይኗ እየበራ። «ቱዳን ሳላያትማ አልሄድም! እናትሽ የሚልኩላት ነገር ካለ እኔ አደርስላታለሁ። ጠይቂልኝ በናትሽ!»

ሁለቱም ኢቶን አዩዋት። ኢቶ ዳቦውን አስቀመጠች።

«እማ... ዋሽቻታለሁ። ቱዳ ማራኬሽ ትማራለች ብያታለሁ።»

ጥፊ ጠበቀች። ላላ ፋድማ ግን የሻዩን ማንቆርቆሪያ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ምንድን ነው የምትማረው?» አለች፣ ድምጿ ቀጥኖ።

«አዋላጅነት።»

«ያምርባት ነበር» አለች እናቷ፤ በሻሿ ጫፍም ፊቷን ሸፈነች።

ኤሎዲ ደነገጠች። «ምን ሆኑ? ጥፋት ተናገርኩ እንዴ?»

ኢቶ ምላሷ ላይ ሌላ ውሸት ተዘጋጅቶ ነበር። «ፈተና ላይ ስለሆነች አይመቻትም» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ኤሎዲ ትሄዳለች። ሩቅ አገር፣ አንዲት ሰው ሐሳብ ውስጥ፣ ቱዳ እየተማረች ትቀራለች። ትመረቃለች። ምናልባትም ታገባለች።

የእናቷ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ኢቶ አጠገቧ ሄዳ እጇን ጀርባዋ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ቀና ብላ ኤሎዲን አየቻት።

«ማራኬሽ አታገኚያትም» አለች፤ ፈረንሳይኛው እየተሰባበረባት። «እዚሁ ናት። ከወይራዎቹ በላይ፣ መቃብሩ ጋ። ጫማሽን አድርጊ፤ እኔ እወስድሻለሁ።»