በሩ የሚያውቀው ጣት

የኮምፒውተር ባለሙያው በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ በራሱ ክፍል ወለል ላይ ተዘርሮ ነበር። ጭንቅላቱን የብረት መደርደሪያው ማዕዘን አግኝቶታል። መርማሪዋ ስትደርስ የሚሰማው የማሽኖቹ ማጉረምረም ብቻ ነው።

«ከማን ጋር ጠብ ነበረው?»

«ከማን ጋር ይጣላል እትዬ?» አለች አስከሬኑን ያገኘችው ጸሐፊ። «የሚያናግረው ሰው እንኳ የለው። ይህን በር ሲሠራ የሁላችንንም ሰላምታ በራሱ ድምፅ ቀድቶ ጫነበት፤ ጣታችንን ስናሳርፍ ይቀበለናል። እሱማ ጠዋት ቀድሞን እየገባ ራሱን በራሱ ‹እንዴት አደርክ› ያሰኛል። ስንስቅበት ኖርን።»

መርማሪዋ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ሬዲዮ ከፍታ እንደምትተኛ ትዝ አላትና ወሬውን ቀየረች።

«ትናንት ማታ ማን ገባ?»

«በሩ የመዘገበው የሥራ አስኪያጁን ጣት ነው» አለ ምክትሉ። «ማሽን አይዋሽም።»

«አይዋሽም፤ የነገሩትን ይደግማል እንጂ።»

ሽማግሌው ሥራ አስኪያጅ መጡ። በሩ ፊት ቆመው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ጸሐፊዋ ሮጣ ከፈተችላቸው። መርማሪዋ ልብ አለች።

«ልጄ፣ እዚህ ክፍል ድርሽ አላልኩም!» አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በሩ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«መዝገቡን አየሁት፤ ጧሪ የሌላቸው ሰዎች መሬት ወደ ባዕድ ስም ሲዞር ከርሟል» አለች። «ዝውውሩን ያጸደቀው የሥራ አስኪያጁ ጣት ነው። ነገር ግን የመጨረሻው በጸደቀበት ሳምንት እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ጋሼ፣ እስቲ ጣትዎን።»

ቀይ መብራት በራ። በሩ ዝም አለ።

«በምዝገባው ዕለት የት ነበሩ?»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። «የዚህ የጣት አሻራ በር ምረቃ ላይ። ‹ከእንግዲህ ማንም በሌላ ሰው ስም አይፈርምም› እያልኩ ስናገር። ምዝገባውን ‹አንተው ጨርስልኝ› ብዬ ለምክትሌ ተውኩለት፤ ማጽደቁንም እንዲሁ። ኋላ መናገሩ አሳፈረኝ።»

«ከወህኒ ይልቅ?»

እሷም ወደ ምክትሉ ዞረች። እሱ ቀኝ አውራ ጣቱን ጫነ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ምክትል!» አለ የሟቹ ድምፅ።

ምክትሉ ፈገግ አለ።

«አሁን ደግሞ የግራውን።»

ፈገግታው ረገፈ። ግራ እጁ ኪሱ ገባ፤ እምቢታውም መልስ መሆኑ ሲገባው፣ ቀስ ብሎ ወጣ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ጋሼ! ዛሬስ በገዛ ጣትዎ ገቡልኝ!»

ጸሐፊዋ አፏን ያዘች። ይህን ሰላምታ ሰምታው አታውቅም።

«እርስዎ ግን ትናንት ሰሙት» አለች መርማሪዋ ምክትሉን። «ማንም የለም ብለው፣ የዝውውሩን ዱካ ሊያጠፉ በጋሼ ስም ባስመዘገቡት ጣት ገቡ። ባለሙያው ውስጥ ነበር። ጋሼን ሊቀበል ዞር ሲል እርስዎን አየ።»

«ደስ ብሎት ነበር የዞረው» አለ ምክትሉ፣ ወለሉ ላይ እየተቀመጠ። «ገፋሁት እንጂ... ልገድለው አልነበረም።»

ፖሊሶቹ ወሰዱት።

«ድምፁን ላስጠፋው እትዬ?» አለች ጸሐፊዋ።

«ተዪው።»

አመሻሽ ላይ መርማሪዋ የቤቷን በር በቁልፍ ከፈተች። ደፉ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ገብታ ሬዲዮውን ከፈተችው።