የፈረስ ልክ

ዶክተር ይድነቃቸው ዓርብ ቀን በሰባት ሰዓት ተኩል ላይ በገዛ ክሊኒኩ ግቢ ሞቶ ተገኘ። በቡታጅራና በመስቃን ገጠር በሬም ሆነ ፈረስ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው የእንስሳት ሐኪም ነበር። ከብት ቆሞ ከሚታከምበት የእንጨት ማገጃ ሥር በጎኑ ተጋድሟል፤ ቀኝ ጭኑ ላይ አንድ ትልቅ ስሪንጅ እንደተሰካ ነው። ማገጃው ውስጥ አንድ ዓይኑ ያበጠ ቀይ በሬ ቆሞ ያመሰኳል። ከተማው ለጁምዓ ሶላት ጭር ባለበት ሰዓት የሆነውን ያየ ቢኖር ያ በሬ ብቻ ነበር፤ በሬ ደግሞ ቃሉን አይሰጥም።

ኢንስፔክተር ዓለምዘውድ ስትደርስ አለቃዋ ኮማንደር ራምዚ ምርመራውን ጨርሶ ጠበቃት።

«በሬው ረገጠው፤ ሲወድቅ በእጁ የያዘው መርፌ እሱኑ ወጋው» አላት። «ጠርሙሱም ይኸውልሽ። ዛይላዚን ይባላል፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት እንስሳ የሚያረጋጉበት ነው። ሰው ላይ ልብና ትንፋሽ ያዳክማል አሉ። አደጋ ብለሽ ጻፊና እንሂድ።»

ዓለምዘውድ ከወልቂጤ ተዛውራ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው። በአራቱም ዓመት ኮማንደሩ «እንሂድ» ሲል እሷ ቁጭ የምትል ሴት ናት። አሁንም ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከችና የሐኪሙን ነጭ ጋዋን ከጀርባው ገለጥ አደረገች።

«ኮማንደር፣ በሬ በምኑ ነው የሚረግጠው?»

«በሰኮናው ነዋ!»

«ይህ ሰንበር ግን ከትከሻ እስከ ትከሻ ቀጥ ያለ ነው። ሰኮና እንዲህ አያሰምርም። የመታው እንጨት ነው።» ዓይኗን ግድግዳው ላይ ወደተደገፈው የማገጃው መቀርቀሪያ ወረወረች። ተነስታም የበሬውን አፍ በመዳፏ ዳሰሰች፤ ለሐጭ የለውም፤ መድኃኒቱ የተሰጠው በሬ ለሐጩ ይዝረከረካል። ግራ ሆዱን መታ መታ አደረገችው። እንደ ከበሮ የተወጠረ ነበር። ከዚያ ጠርሙሱን በመሀረብ ይዛ ወደ ብርሃን አነሳችው። የጎማ ክዳኑ ላይ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ነበረች።

«እሺ፣ ሰው ገደለው እንበል» አለ ኮማንደሩ ቆጣ ብሎ። «እንግዲያው ገዳዩ ፊርማውን ትቶልናል።» የመድኃኒት መዝገቡን ዘረጋላት። የጠርሙሱ መለያ ቁጥር ከሦስት ሳምንት በፊት ወጪ ተደርጓል፤ ከጎኑ የሀሴት ፊርማ አለ። ሀሴት የክሊኒኩ ረዳት የሆነች የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ለኮማንደር ራምዚ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማድረግ ከባድ ሥራ ሆኖበት አያውቅም።

«እስከ ነገ ረፋድ ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት የማቀርባት እሷን ነው» ብሎ ሄደ።

ሀሴት መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች።

«ጠርሙሱን ያወጣሽው አንቺ ነሽ?» አለቻት ዓለምዘውድ።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያወጣው ዶክተር ነው። ‹ለፈረስ ብለሽ ፈርሚ› ይለኛል፣ ቦርሳው ውስጥ ከትቶት ይሄዳል። የህመም ማስታገሻውንም እንደዚሁ።»

«የማን ፈረስ?»

«አልጠየቅኩም።»

«ስንት ጊዜ ሳትጠይቂ ፈረምሽ?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «ሰባት ጊዜ ይሆናል። አለቃዬ ነው፤ ምን ብዬ ልጠይቀው?»

«ዛሬ የበሬ ቀዶ ሕክምና ነበራችሁ?»

«ኧረ አልነበረንም! ዶክተር ከገበያው ማዶ የታመመች ላም ሊያይ እንደወጣ ነው እኔ ለምሳ የሄድኩት። በዚያ ላይ ቀዶ ሕክምና ያለው በሬ ካንድ ቀን በፊት ጀምሮ አይበላም። ሆዱ ሞልቶ ከተኛ ይነፋና ይታፈናል። ዶክተር ባለቤቱን እየደጋገመ ደውሎ ነው የሚያስጠነቅቀው።»

ዓለምዘውድ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የመድኃኒት መጠን ሰንጠረዥ ቆማ አነበበች፤ አንብባም እንደገና ከላይ ጀመረች።

«ኢንስፔክተር» አለች ሀሴት፣ «እኔ አልገደልኩትም። ነገ ይወስዱኛል?»

«አላውቅም» አለች ዓለምዘውድ። ማባበል አይሆንላትም።

ሬሳውን ያገኘው የበሬው ባለቤት ከማሉ ነው፤ የመስቃን ገበሬ፣ ስልሳ ያለፈው። ከበሬው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ሐኪሙን አላየሁትም» አለ። «በስድስት ሰዓት በሬዬን አምጥቼ አሰርኩ። ሰው የለም። ጁምዓ ሄድኩ። ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ዛሬ እንዲያመጡት ማን ነገረዎት?»

«ሙንታሲር። ባለጋሪው። የሐኪሙን መልእክት ሁልጊዜ እሱ ነው የሚያደርሰን። ትላንት ማታ ‹ነገ አምጣና አስረኸው ወደ ጁምዓ ሂድ፣ ሐኪሙ ያየዋል› አለኝ።»

«ሣር አብልተውታል።»

«አዎ። አምና ሌላው በሬዬ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት እንዳላበላው ሐኪሙ ከልክሎኝ ነበር። አሁንም ሙንታሲርን ጠየቅኩት። ‹ግዴለም፣ አብላው› አለኝ።» ሽማግሌው በሬውን አሻሸ። «ደግ ሰው ነው። ልጄ ፈቲሀ ስትሞት ሦስት ቀን ከደጄ አልተነሳም። ከቀባሪው ፊት እሱ ነበር።»

«በምን ሞተች?»

«ጋሪ ተገልብጦባት። ከሞተች ሁለት ወሯ ነው። ጋሪው የሙንታሲር ነው፤ ሠራተኛው ነበር የሚነዳው። ቁልቁለት ላይ ፈረሱ ወደቀ። ፖሊስም አደጋ ነው አለ። ከአላህ የመጣን ምን ታደርጊዋለሽ? እሱም እንደኔ አለቀሰ።»

ዓለምዘውድ «አላህ ያጥናዎት» ብላው ወጣች።

ሙንታሲርን ወደ ቡኢ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ጋጣው አገኘችው። ፈረስ ገዝቶ ይሸጣል፤ አምስት ጋሪም አለው። ቁመናው ያማረ፣ አንደበቱ የተባ ሰው ነው።

«ይድነቃቸው ወንድሜ ነበር» አለ፤ ዓይኑ እውነትም ቀልቷል። «አሥራ ሁለት ዓመት ፈረሶቼን ሲያክም አፍንጫቸውን ጠምዝዤ የምይዝለት እኔ ነኝ። ያቺ ረዳቱ ትላንት የመጣች ልጅ ናት። መድኃኒቱን ከሷ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።»

«በሬ ሲያክምስ ያግዙት ነበር?»

«በሬ ምን ያደርግልኛል? የኔ እንጀራ ፈረስ ነው።»

«ለአቶ ከማሉ መልእክት አድርሰዋል።»

«ዶክተር ንገርልኝ አለኝ፣ ነገርኩ።»

«ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ የት ነበሩ?»

«የት እሆናለሁ? መስጊድ! ከከማሉ ጎን ነው የሰገድኩት። ጠይቂው።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ሙንታሲር ያመለጠውን አላወቀም፤ ዓለምዘውድ ግን አውቃለች፤ አመስግናውም ተሰናበተች። ቢሮ ሳይዘጋ የጋሪውን አደጋ መዝገብ ልታይ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ገባች። ዶክተር ይድነቃቸው ሐሙስ ከሰዓት መጥቶ፣ ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቃሉን ለመስጠት ቀጠሮ ይዞ እንደነበር ነገሯት። ስለምን ጉዳይ እንደሆነም ነገሯት። ከዚያ ስትወጣ በቁሟ ደክሟት ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ሁሉም ክሊኒኩ ግቢ ተሰበሰቡ። ሀሴት በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማለች፤ ሌሊቱን እንዳልተኛች ፊቷ ይናገራል። ከማሉና ሙንታሲር አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ዓለምዘውድ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳህን ውሃና ሦስት አዳዲስ ስሪንጆች ደረደረች።

«ትምህርት ቤት ከፈትሽ እንዴ?» አለ ኮማንደር ራምዚ ሰዓቱን እያየ።

«ደቂቃ አይፈጅም። እያንዳንዳችሁ ለዚህ በሬ ማረጋጊያ ይበቃል የምትሉትን ያህል ውሃ ቅዱልኝ። አቶ ከማሉ፣ አምና ሐኪሙ ሲቀዳ ያዩትን ያህል።»

ከማሉ ስሪንጁን ሳበ፤ የገባው ውሃ ታችኛዋን መስመር እንኳ አልሞላም። «እንዲህ ትንሽ ነበር። እኔም ገርሞኝ ነበር» አለ። ሀሴትም ቀዳች፤ እሷም ያንኑ ያህል።

ሙንታሲር ሳቀ። «ይቺማ ዝንብም አታስተኛ!» አለና ስሪንጁን ወደ ላይ ጎተተው፤ ውሃው ከሌሎቹ ጋር የማይነጻጸር ሆነ። ደህና አድርጎ መቅዳቱን የሚያውቅ ሰው ኩራት ፊቱ ላይ ነበር።

«ኧረ በሬውን ትገድለዋለህ!» ሀሴት ሳታስበው ጮኸች። «በሬ ለዚህ መድኃኒት ስስ ነው! የሚችለው ፈረስ ከሚወስደው አሥር እጅ አንዱን ነው!»

ሙንታሲር የያዘውን ስሪንጅ እንደ እባብ ተመለከተው።

«ይህ የፈረስ ልክ ነው» አለች ዓለምዘውድ። «ከጠርሙሱ የጎደለውን ለክቼዋለሁ። ክዳኑ የተወጋው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የተቀዳውም አሁን አቶ ሙንታሲር የቀዱትን ያህል ነው። ለበሬ የሚሆነው መጠን ቢሆን ኖሮ ያን የሚያህል ሰው በመርፌ ተወግቶ እዚያው አይሞትም ነበር። ዶክተር ይድነቃቸው ለበሬ የፈረስ ልክ አይቀዳም። ሀሴትም አትቀዳም። አቶ ከማሉም የበሬውን ልክ በዓይናቸው አይተዋል። ይህን የቀዳው መድኃኒቱን ፈረስ ላይ ብቻ ሲሰጥ ያየ ሰው ነው።»

«በሬውስ?» አለ ኮማንደሩ።

«በሬው ለምስክርነት የመጣ ነው። በሬ ባይኖር ረገጠው ሊባል አይችልም። ሐኪም ያስጠራው በሬ ግን ሆዱ ባዶ ይሆናል፤ የዚህ ሆድ ሞልቷል። ስለዚህ ያስጠራው ሐኪሙ አይደለም። ገዳዩ ዶክተር ከታመመችው ላም ሲመለስ ጠብቆ ከኋላው በመቀርቀሪያው መታው፤ ሲወድቅ መርፌውን ወጋው። ከዚያ እዚህ አጋደመው።»

ሙንታሲር ብድግ አለ። «ፈረስ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ? ጁምዓ ላይ ነበርኩ አልኩሽ! ከማሉ፣ ንገራት እንጂ!»

ከማሉ ቀስ ብሎ ዞሮ አየው።

«ቦታ ይዤልህ ነበር» አለ። «ኹጥባው፣ ስብከቱ ሁሉ አለቀ፣ አልመጣህም። ሶላት ሊቆም ሲል ደረስክ። ላብ አጥምቆህ ነበር። ለልጄ ዱዓ ስታደርግ የቆየህ መስሎኝ ነበር።»

ሙንታሲር መልሶ ተቀመጠ።

ዓለምዘውድ ቀጥላ የምትናገረውን ባትናገር ደስ ባላት ነበር። በሥራዋ ይህን ያህል የጠላችው ሰዓት አልነበረም። ከማሉ ፊት ቁጢጥ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አቶ ከማሉ፣ ዶክተር ሰኞ ቃሉን ሊሰጥ የነበረው ስለ ፈቲሀ ነው። ጋሪውን ይጎትት የነበረው ፈረስ የእግሩ አጥንት የተሰነጠቀ ነበር። አንካሳ ፈረስ ስለማይሸጥና ጋሪም ስለማይጎትት፣ ሙንታሲር በየጠዋቱ የህመም ማስታገሻ ይወጋው ነበር። ፈረሱ ሕመሙ ስላልተሰማው ሙሉ ጭነት ይዞ ሮጠ፤ ቁልቁለቱ ላይ አጥንቱ ተሰበረ። መድኃኒቱን የሚሰጠው ዶክተር ነበር። ለወዳጁ ብሎ። እሱ የተገደለበትን ማረጋጊያም የሰጠው እንደዚሁ ነው።»

«እሱ ነው ያመጣው!» ሙንታሲር ጮኸ። «አብረን ስንሠራ ኖረን፣ ሁለት ወር ዝም ብሎ፣ ሐሙስ ማታ መጥቶ ‹እንቅልፍ አጣሁ፣ ሰኞ እናገራለሁ፣ አንተም ና› አለኝ! ለመንኩት! የሞተች አትመለስም አልኩት! እኔስ ልጆች የሉኝም?»

ኮማንደር ራምዚ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠ። ሙንታሲርን ሲያነሱት ከማሉ ላይ ዓይኑን መጣል አልቻለም። ከማሉ ግን አየው፤ ከእግር እስከ ራሱ፣ እንደ እንግዳ ሰው።

«ሬሳዋን ተሸክመህልኛል» አለው። ሌላ ነገር አልጨመረም።

ሙንታሲርን ካስወጡት በኋላ ሽማግሌው ወደ ዓለምዘውድ ዞረ። «ሐኪሙስ? ሁለት ወር ሙሉ ምን ይጠብቅ ነበር?»

ዓለምዘውድ አግዳሚው ላይ ከጎኑ ተቀመጠች።

ኮማንደሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። «በይ ሀሴት፣ ነፃ ነሽ። ወደ ቤትሽ ሂጂ» አላት። ሌሊቱን ሙሉ የለመነችው ይህንኑ ነበር፤ አሁን ሲሰጣት ግን ወደ በሩ አልሄደችም። ከማሉ ፊት ሄዳ ቆመች።

«አባባ፣ ለዚያ ፈረስ የወጣውን መድኃኒት የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች። «የማን ፈረስ ነው፣ ምን ሆኖ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ኖሮ...» እንባ አቋረጣት። «ዶክተር ሊሰጥ የነበረውን ቃል እኔ እሰጣለሁ። መዝገቡንም ይዤ እቀርባለሁ።»

«የሥራ ፈቃድሽን ይነጥቁሻል» አላት ዓለምዘውድ ቀስ ብላ። «ሊከሱሽም ይችላሉ።»

«ይክሰሱኝ።»

ከማሉ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ምሕረትም ቁጣም አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነበር።

«ይቅር እልሽ እንደሆነ አላውቅም» አለ በመጨረሻ።

«አይበሉኝ» አለች ሀሴት። «ብቻ ሰኞ ይምጡና ይስሙ።»

ሽማግሌው የበሬውን ገመድ ፈታ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመና፣ ወደ ኋላው ሳይዞር፣ ፍርድ ቤቱ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጠየቀ።