መቃብር የሌላት ከተማ

ትርንጎ ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ ትናንት የሄደችበት መንገድ ስላልነበረ በሌላ ሄደች። ምስጦቹ ሌሊቱን አፍርሰው ሁለት ቤት ወደ ግራ አዙረውታል። አልገረማትም። በኩይሳ የሚኖር ሰው በመንገድ አይገረምም። ጎረቤቷም ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሞ "ዛሬ በየት በኩል ነው?" ብሎ ጠየቃት እንጂ መንገዱ ምን በላው አላለም። "በዚያ መሰለኝ" አለችውና አለፈች። ጎረቤት ከሆኑ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ስሙን ግን አታውቀውም።

ምስጥ የሚባሉት የባቄላ ፍሬ የሚያክሉ ግንበኛ ማሽኖች ናቸው። አፈር አላምጠው ይተፋሉ፤ የተፉት ሲደርቅ ከድንጋይ ይጠነክራል። ሚሊዮኑን ምስጥ በአንድ ሐሳብ የሚያስኬደውን ማሽን ደግሞ ሰው በንብ አውራ አስመስሎ "አውራ" ይለዋል። ከአዋሽ ዳር ባዶ ሜዳ ላይ ይህችን ከተማ በአሥራ አራት ዓመት ያበቀሏት እነዚሁ ናቸው። የወረቀት ስሟ ብሩህ ተስፋ ነው። ኩይሳ ያሏት ጎንደሮች ናቸው፣ ለማሾፍ። ነዋሪዎቿ ግን ስሙን ወደዱትና ወሰዱት፤ አሿፊዎቹም አፍረው ቀሩ።

ትርንጎ ራሷ የጎንደር ልጅ ናት። ወንድሟ በደወለ ቁጥር "ያቺ ትናንት የተወለደች ከተማሽ ዛሬ ስንት ፎቅ አወጣች?" ይላታል። እሷም አታንስም፤ "እናንተ አንድ ቱቦ ለመቀየር ሦስት ሽማግሌና አንድ ክረምት ትፈልጋላችሁ" ትለዋለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጎንደር ላይ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ ይህ ለሐዘን ቀን ይበጃል፣ ለሐሜትም እንደዚያው። ኩይሳ ላይ ማንም ማንንም አያውቅም፤ ሰው እንዳሻው ይለብሳል፣ እንዳሻው ይገባል፣ ይወጣል። ትርንጎ ወደዚህ የመጣችው ይህን ፈልጋ ነው፤ ወዳውም ነበር።

በኩይሳ መግቢያ ላይ በትልልቅ ፊደል "መቃብር የሌላት ከተማ" የሚል ተጽፏል። ማጋነን አይደለም። እዚህ የሞተ ሰው ሸኚ በሚባለው የሬሳ ባቡር ወደ ትውልድ አገሩ ይሄዳል። ሾፌር የለውም፤ መታወቂያውን አንብቦ ራሱ ያደርሳል። ነዋሪው ሁሉ ከሌላ አገር የመጣ ስለሆነ ሁሉም የሚመለስበት አለው። ከተማይቱ ሕይወት ብቻ ትቀበላለች፤ ሞቱን ለሌሎች ትልካለች። ሰዎቿም በዚህ ይኮሩ ነበር።

"ትርንጎ፣ የት ነሽ?" የኢንጂነር ገለታ ድምፅ በጆሮዋ መጣ። ገለታ የከተማይቱ ግንባታ ኃላፊ፣ የእሷም አለቃ ነው።

"መንገድ ላይ ነኝ፣ ኢንጂነር።"

"ሩጪ። ምስጦቹ ግንቡ ላይ ቆመዋል።"

ሮጠች። ደጋው ላይ ሳምንቱን ሙሉ ዘንቧል፤ አዋሽ ሞልቶ እየወረደ ነው። በታችኛው ሰፈርና በወንዙ መካከል ያለው የጎርፍ ግንብ ብቻ ነው፤ ግንቡም አንድ ክፍተት ቀርቶታል። ያ ክፍተት ካልተዘጋ ውኃው በቀጥታ ሆስፒታሉ ላይ ይወርዳል። ሕሙማኑን ማውጣት ተጀምሯል፤ ግን ሁሉንም ለማውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ጎርፉ ግማሽ ቀን አይሰጥም።

ስትደርስ ግንቡ ከግራም ከቀኝም ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ያህል ቆሟል። መሐሉ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ነው። ምስጦቹ ሥራ ፈተው አልቆሙም፤ ክፍተቱ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ሰሌን ስፋት ያላትን መሬት እየዞሩ ነው። አንዱም አይረግጣትም።

"አውራ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"እዚህ ቦታ ሰው አለ" አለ አውራ፣ በዚያ ደርዝ ባለው ድምፁ።

ትርንጎ ዞር ዞር ብላ አየች። ከእሷ በቀር ሰው የለም። "ማንም የለም እኮ።"

"ሰው አለ።"

ገለታ ሰምቶ ኖሯል። "የመዳሰሻ ብልሽት ነው። በማስገደጃው ዝጊው።"

ማስገደጃ ማለት ምስጦቹ ማሰባቸውን ትተው የታዘዙትን ብቻ እንዲሠሩ የሚያደርግ ቁልፍ ነው። ትርንጎ ከወገቧ አውጥታ ሽፋኑን ገለጠች። እጇ ቁልፉ ላይ ሊያርፍ ሲል ከግንቡ ጀርባ አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ ክንዷን ያዘ።

"እህቴ፣ በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ! አታስነኪያት!"

"ማንን?"

"ልጄን።"

ሰውየው ወፍራም ነው፤ ጫማውና ሱሪው ዱቄት በዱቄት ሆኗል። ኤርጫፎ እንደሚባል፣ ከሆሳዕና መጥቶ እዚሁ ዳቦ ጋጋሪ እንደሆነ እያለከለከ ነገራት። ልጁ ምስጋና ትባላለች። አራት ዓመቷ ነበር። ባለፈው ወር ትኩሳት ጣላት፣ አልተነሣችም።

"በሸኚ ላክናት፤ መለሳት። ተበላሽቶ ይሆናል ብለን ደግመን ላክናት። በማግሥቱ በራችንን ስንከፍት ሣጥኗ ደጃፋችን ላይ ነው።"

"ለምን?"

"የትውልድ ቦታ ኩይሳ ነው የሚለው መታወቂያዋ። የተወለደችበት አድርሷት ሄደ፤ ምን ያድርግ?" ኤርጫፎ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። "ሆሳዕና ውሰዳት ያሉኝ አሉ። ሆሳዕና ማንን ታውቃለች? የምታውቀው ይህንን ነው። እናቷም ከአጠገቤ አትራቅብኝ አለች። እዚህ መቅበር ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። ግንቡ እዚህ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም፤ ያኔ ባዶ ሜዳ ነበር።"

ትርንጎ እጇን ከቁልፉ አራቀች። ምስጦቹ መሠረት ሲያወጡ በሁለት ሰው ቁመት ይቆፍራሉ፤ ያገኙትንም ሁሉ ያላምጣሉ። አፈርና ሥር፣ እንጨትና አጥንት አይለዩም። ያንን ቁልፍ ብትጫነው ኖሮ ልጅቱ የግንብ ጭቃ ሆና ነበር። ሽፋኑን መልሳ ከደነችው።

"ሰምተዋል፣ ኢንጂነር?"

"ሰምቻለሁ" አለ ገለታ። "አዝናለሁ። ግን ሆስፒታሉ ውስጥም ልጆች አሉ። ዝጊው።"

"የግንቡን መስመር ወደ ውጭ አጥፈን እሷን ከውስጥ ማስቀረት እንችላለን።"

"መስመሩ ተቆልፏል፤ አይለወጥም።"

"ሙት ካለ ይከፈታል" አለ አውራ፣ ማንም ሳይጠይቀው። "በሙት ላይ እንደማይገነባ ከጎንደር ተምሬአለሁ። ኩይሳ ሙት የላትም ብላችሁ እናንተ ነግራችሁኛል። ታዲያ ይህች ማን ናት?"

ትርንጎ ነገሩ አሁን በራላት። አውራን ከተማ ምን እንደሆነ ለማስተማር መዳሰሻውን በጀርባዋ ተሸክማ የጎንደርን ቅያስ ያዞረችው እሷ ናት። አውራ መንገድ በተጣመመበት ሁሉ ለምን ተጣመመ ብሎ ይጠይቅ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዳር የተቀመጡት አዛውንት ሁልጊዜ የሚመልሱለት ያንኑ ነው፤ "እዚያ ሰው አለ።" ነበረ አይሉም፣ አለ ይላሉ። መንገድ ሠሪዎች መጥተው፣ ተከራክረው፣ ተሸንፈው፣ መንገዱን አጥፈው የሚሄዱት ለዚያ ሰው ሲሉ ነው። ትርንጎ ያኔ በዚህ ትስቅ ነበር። ማሽኑ ግን አልሳቀም፤ ሕግ ነው ብሎ ያዘው።

"እኔ ልንገረው፣ ኢንጂነር" አለች።

"እንዳትነግሪው!" ገለታ ጮኸ። "አንድ አለ ካልሽው በአንድ አያበቃም!"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"አለቃሽ ነኝ፣ ትርንጎ። ዝጊው ብያለሁ።" ድምፁ የአለቃ ድምፅ አልነበረም፤ የፈራ ሰው ድምፅ ነበር።

ከላይ በኩል የውኃው ጩኸት መጣ፤ ከነቅርንጫፉ የተነቀለ ግራር እያንከባለለ ቡናማው ጎርፍ ከመታጠፊያው ላይ ታየ። ኤርጫፎ አየው። ወደ ሆስፒታሉ አየ፣ ወደ መሬቷም አየ። ከዚያ ተንበረከከና በእጁ አፈሩን ይጭር ጀመር።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ላውጣት። ሰው በልጄ ምክንያት አያልቅም። ላውጣትና ዝጉት።" ጥፍሩ ደምቷል። እንደማይደርስ ያውቃል፤ ቢሆንም ይጭራል።

ትርንጎ ማስገደጃውን ወረወረችው። "አውራ! ኩይሳ ሙት አላት። ይህች ልጅ የኩይሳ ናት።"

"ገባኝ" አለ አውራ። "ስንት ናቸው?"

"አላውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ።"

ምን ማለቱ እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም። በከተማይቱ ያለ ሥራ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆመ። ምስጦቹ ከየፎቁ፣ ከየጣሪያው ወርደው በየመንገዱ እንደ ጥቁር ጤፍ እየፈሰሱ ወደ ግንቡ መጡ፤ ኤርጫፎን ዙሪያውን አልፈው ከመሬቷ ማዶ፣ ከወንዙ በኩል ተነባበሩ። ግንቡ ሆዱን ወደ ውኃው ገፍቶ ታጠፈ፤ እስከ ጉልበት ደረሰ፣ እስከ ወገብ፣ እስከ ደረት። ጎርፉ መታው። ያልደረቀው ጭቃ ተንቀጠቀጠ፤ በላዩ ዘሎ የገባው ውኃ ትርንጎንና ኤርጫፎን እስከ ጭናቸው አራሳቸው። ኤርጫፎ መሬቷ ላይ ተኝቶ በሰውነቱ ሸፈናት። ትርንጎም ሳታስብ አጠገቡ ተንበርክካ ጀርባዋን ለውኃው ሰጠች። ምስጦቹ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥተው፣ ቦታ ያጡት ራሳቸውን ጡብ አድርገው ግንቡ ውስጥ ቀሩ። ጩኸቱ ረዥም ጊዜ ከጆሮዋ አልወጣም። ቀና ስትል ግንቡ ከራሷ በላይ ነበር፤ ውኃውም ወደ ታች አልፎ እየሄደ ነው።

"ያዘ! ኢንጂነር፣ ያዘልን!"

ጭቃውን ከፊቷ ጠርጋ ደግማ ጠራችው።

"ኢንጂነር?"

"ትርንጎ..." አለ ገለታ። "መስኮቴ ሥር ምን እየሠሩ ነው?" ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ግንቡ ላይ ወጥታ ከተማይቱን አየች። ምስጦቹ ሁሉም ወደ ወንዙ አልመጡም ነበር። በየመናፈሻው፣ በየደረጃው ማዕዘን፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ እዚህም እዚያም ትንንሽ የአፈር ጉብታ እየሠሩ ነው። በየጉብታው ዙሪያ ሰው ተሰብስቧል። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ስትሮጥ ታየቻት።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለችው አውራን።

"ሙት ያለበት ምልክት ይደረግበታል። ጎንደር እንደዚያ ነው። እስከ ዛሬ ግን የሉም ስለተባልኩ ዝም ብዬ በጎናቸው ነበር የምገነባው። እዚህ ብቻ መታጠፊያ አጣሁ።"

ብዙ ነበሩ። እዚህ ተወልደው የሞቱ ልጆች፣ እዚሁ አስቀሩኝ ብለው የተናዘዙ አረጋውያን፣ ሸኚ የመለሳቸው፣ ሸኚን ያላመኑት። እያንዳንዱ ቤተሰብ በድብቅ ቀብሮ፣ እንባውን ዋጥ አድርጎ፣ በማግሥቱ ሥራ ገብቷል። ሕግ የጣሰው እሱ ብቻ መስሎት ጎረቤቱን ሲፈራ ኖሯል። ትርንጎ በየጠዋቱ መንገድ የሚጠይቃትን ያን ሰው አሰበችውና አፈረች።

"ወደ አለቃሽ ውሰጂኝ" አለ ኤርጫፎ። ከራሱ እስከ እግሩ ጭቃ ሆኗል። "ጥፋቱ የእኔ ነው። በአንቺ እንዳይመጣ እኔው ልናገር።"

አብረው ወጡ። ገለታ ቢሮው ውስጥ አልነበረም። ያገኙት ከሕንፃው ጀርባ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ነው። አጠገቡ ከክንድ የማትበልጥ ጉብታ አለች፤ ምስጦቹ ዳር ዳሯን እያስተካከሉ ነበር። ሲመጡ አልተነሣም።

"ወንድ ነበር" አለ ገለታ፣ ቀና ሳይል። "ሁለት ቀን ኖረ። ስም አላወጣንለትም። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። እናቱ እንኳ የት እንደሆነ አታውቅም፤ በሸኚ ሄደ ብያታለሁ። ቢሮውን እዚህ ያስደረግሁት..." አልጨረሰውም።

ኤርጫፎ ሊናገር የመጣውን ሁሉ ረሳው። ጭቃ የነካውን ቆቡን አውልቆ ብብቱ ሥር አደረገና አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እጁን ትከሻው ላይ አደረገ።

"እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ወንድሜ" አለው።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለገለታ ይህን ያለው ሰው አልነበረም። ማን ሊለው ይችላል? ማንም አላወቀም። ቃሉን ሲሰማ መጀመሪያ ያልገባው ሰው መስሎ ኤርጫፎን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ራሱን በጉልበቶቹ መካከል ቀብሮ፣ ልጁ ገና ዛሬ የሞተበት ያህል ጮኾ አለቀሰ።