የተመለሰው ብርሃን

ነጩ መኪና ከወረታ አስፋልት ወርዶ ወደ ሩዙ ማሳ ታጠፈ።

«ገዢው መጣ» አለ ባየህ።

«ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ» አለችው አጠገቡ የቆመችው ሴት።

ባየህ የፊዚክስ የዶክትሬት ተማሪ ነው፤ ትምህርቱ ብርሃን። እሷን የሚያውቃት ውባየሁ በምትባል የምርምር ረዳትነት ነበር። ሰላይ መሆኗን የነገረችው ገና ዛሬ ጠዋት ነው። የሥራ ስሟ «ቄጤማ» ነው።

ሰባት ዓመት ለፍቷል ልጁ። በመጀመሪያ ዲግሪው የእናቱን ላሞች የዓይን በሽታ በብርሃን መረመረ። ዓይን ላይ ያረፈ ብርሃን ወደ መጣበት እንደሚመለስ ያኔ አስተዋለ፤ ሁለተኛውን በዚያ ሠራ። በሦስተኛው ጉድ ፈላ! የሠራው የሌዘር ሳጥን ከሩቅ ያነጣጠረበትን የጠመንጃ መነጽር ሁሉ በመስኮቱ ላይ ቀይ ነጥብ አድርጎ ያሳያል። የጦር መሣሪያ ነጋዴዎች ሰሙ።

ትእዛዟ አጭር ነው፤ ሥራው ከአገር አይውጣ፣ ተማሪውም አይሙት። ዕቅዱን ያወጣው አለቃዋ አለኸኝ ነው። ሳጥኑን ለገዢው ታስረክባለች፤ አለኸኝ ደግሞ ገዢውን ሐሙሲት ከተማ ላይ ይይዘዋል። ሥራውን ከሀ ጀምሮ ያስተማራት፣ አባት የሆናት ሰው ነው።

ባየህ ሳጥኑን አብርቶ ሜዳውን ቃኘ።

ቀይ ነጥብ።

«እንዴ! ከዚያ የሩዝ ክምር ሥር በጠመንጃ መነጽር የሚያየን ሰው አለ።»

ከገዢው ሌላ ቦታውን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አለኸኝ። ዓይኗን ከነጥቡ ሳትነቅል ደወለች።

ነጥቡ ጠፋ።

«አቤት ልጄ።»

«የት ደረሱ ጋሼ?»

«ሐሙሲት ነኝ። አይዞሽ፣ አስረክቢ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ነጥቡ ተመልሶ በራ።

ስልኩን ሲያነሣ ጠፋ፣ ሲዘጋ በራ፤ የሚያነጣጥርባቸው እሱ ራሱ ነው። ወይ አለኸኝ! ሽጧቸዋል። ሳጥኑ እጅ እንደቀየረ ሁለቱንም ሊገድላቸው ነው። ሩዙ ደግሞ ታጭዷል፤ መደበቂያ የለም።

«ኃይሉን እስከ መጨረሻው ጨምረው።»

«አብደሻል? ዓይን ያጠፋል እኮ! በኪዳነ ምሕረት፣ እንዳትነኪው!»

ገፍታው ማዞሪያውን ራሷ አዞረችው።

ሳጥኑ ጨሰ። ከክምሩ ሥር ጩኸት ተነሣ። አለኸኝ ሲጮህ ሰምታ አታውቅም፤ ድምፁን ግን ወዲያው ለየችው።

ገዢው መኪናውን አዙሮ ፈረጠጠ። ለዋናው መሥሪያ ቤት ደወለች፤ ይፋግ ሳይደርስ ያዙት።

ባየህ ጭቃው ላይ ተቀምጧል።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ዓይን ላድን ነበር የለፋሁት።»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ሳጥኑ የኔ ነው።»

የምርምር ደብተሮቹን አውጥቶ አንድ በአንድ ቦዩ ውስጥ ወረወራቸው። የኮምፒውተሩን ቅጂ ከትናንት ወዲያ በትእዛዝ ያጠፋችው እሷ ናት፤ እሱ አያውቅም። ልትነግረው፣ እጁን ልትይዘው ይገባ ነበር። ቆማ አየችው።

ከሦስት ቀን በኋላ ጎንደር ውስጥ፣ በሌላ ስም በተከራየችው ክፍል፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተደወለላት። የመስኮቱ መስታወት ባብረቀረቀ ቁጥር ያን ጩኸት እየሰማች ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም።

«ቄጤማ፣ ግዳጁ ተጠናቋል። አለኸኝ ታስሮ ሆስፒታል ነው፤ ቀኝ ዓይኑ ጠፍቷል። አስታማሚ ዘመድ ጥራ ስንለው ‹ልጄን ደብሬን ጥሩልኝ› ይላል። ፋይሉ ላይ ልጅ የለውም። ታውቂያታለሽ?»

ደብሬ እናቷ ያወጣችላት ስም ነው። ከእናቷ ሞት ወዲህ በዚያ ስም የሚጠራት አለኸኝ ብቻ ነበር።

እንባዋ እየወረደ ድምጿን አስተካከለች።

«አላውቃትም» አለች።