ሙሉ ስም ከነአባት

«አሁን ያንቺን እንይ» አለች ዓዲላ የፈይሩዝን ክንድ እየጎተተች።

የምሳ ሰዓት ነው። የስምንተኛ ክፍል ልጆች በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ተጨናንቀው በየተራ ስማቸውን ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋሉ። የዓዲላ ስም ከአንዲት ሐኪም ስም ጋር ገጥሞ ስለወጣ «ዶክተር ዓዲላ» ሲሏት ቆይተዋል። የፈይሩዝ ስም ምንም አላወጣም። እሷም ለጨዋታ ያህል የጓደኛዋን የሳሚያን ስም ጻፈች።

የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ሳሚያ አብደላ፣ ከሚሴ። ከፈተናው በፊት እንዳልዳር። ለቀበሌ ያስገባሁትን ማመልከቻ አጎቴ እንዳይሰማ…»

ፈይሩዝ ቶሎ ብላ ስክሪኑን አጠፋችው።

«ምነው ጠፋ?»

«እኔ እንጃ፣ ተበላሸ መሰል» አለች።

ያንን መስመር የጻፈችው ራሷ ናት። የአባቷ እህት ኡምኩልሱም፣ እሷ «አዳዳ» የምትላቸው፣ ኸሚስ ኸሚስ፣ በየሐሙሱ፣ ሴቶችን ሰብስበው ዱዓ ያደርጋሉ። ጅዳና ቤይሩት ያሉት ሴቶች «እኛስ?» እያሉ ሲያስቸግሩ፣ ፈይሩዝ አምና ክረምት ድረ ገጽ ሠራችላቸው። ሴቶቹ ሐጃቸውን፣ የልባቸውን ጉዳይ ማለት ነው፣ ይልኩላታል፤ እሷ ትለጥፋለች፤ ሌሎቹ ከሥሩ «አሚን» ይላሉ። የከተማውም ሴቶች ለመዱት። የሴቶቹን ስም እናሳጥረው ብትል አዳዳ እምቢ አሉ።

«ሙሉ ስም ከነአባት ጻፊ። ማን እንደሆነች ሳይታወቅ ሰው ለማን ብሎ አሚን ይላል?»

ዱዓው ቤትም ወጉ ይኸው ነው፤ ሐጃ ያላት ሙሉ ስሟን ጠርታ ትናገራለች፤ ከዚያ ቤት ደግሞ ወሬ አይወጣም። የድረ ገጹን አድራሻ ከሴቶቹ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ ፈይሩዝ እሱንም እንደ አዳዳ ቤት አመነችው። ሳሚያ አባቷ ከሞቱ ወዲህ የምትኖረው አጎቷ ቤት ነው፤ አጎትየው ሊድራት መሆኑን የሰማች ጊዜ ሐጃዋን በወረቀት ጽፋ ሰጠቻት።

«ሌላ ሰው አያየውም አይደል?» ብላ ነበር።

«ኧረ ፈታ በይ፣ ማን ያየዋል?» ነበር የፈይሩዝ መልስ።

አሁን ስልኳን ከፍታ ገጹን እንዳለ አጠፋችው። እንደገና ስትፈልግ ግን መስመሩ እዚያው ነው፤ አንዲት ፊደል አልጎደለችም። አባቷ «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ፤ ይኼኛው አፋፉንም አልፎ ሄዷል። ያን ጊዜ የምሯን ፈራች።

የኮምፒውተር መምህሩን ዘይኑን በረንዳ ላይ አገኘቻቸው።

«መምህር፣ ያጠፋሁት ገጽ ሲፈለግ አሁንም ይወጣል።»

«ያጠፋሽው ካንቺ ቤት ነዋ» አሉ። «መፈለጊያው እየዞረ ያገኘውን ቀድቶ እሱ ዘንድ ያስቀምጣል። ተመልሶ መጥቶ ባዶ መሆኑን እስኪያይ የድሮውን ያሳያል።»

«መቼ ነው የሚመለሰው?»

«ነገም ሊሆን ይችላል፣ ወርም ሊፈጅ ይችላል። የገጹ ባለቤት ነኝ፣ አጥፉልኝ የምትይበት ቅጽ አለ፤ እሱን ሙዪ።» በመነጽራቸው አናት አዩዋት። «ለመሆኑ ምን ጽፈሽ ነበር?»

«ምንም» አለች።

ቅጹን ሞላች። «ጥያቄዎ በመታየት ላይ ነው» የሚል መልስ መጣ። ማን እንደሚያየው፣ የት ሆኖ እንደሚያየው አይልም። ያ ሁሉ የሴቶች ምስጢር የማታውቀው ሰው እጅ ገብቷል።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሳሚያ ጨዋታ ላይ ነበረች።

«ሽማግሌዎቹ እሁድ ነው የሚመጡት አሉ» አለች። «ሊያገባኝ ያለው ሰውዬ እህት ጅዳ ናት። ትናንት ደውላ የልጅቷን ሙሉ ስም ከነአባቷ ላኩልኝ አለች። ምን ሊያደርግላት ነው? ፌስቡክ ላይ ልትፈልገኝ ከሆነ ትድከም፣ የለኝም።» ሳቀች።

ፈይሩዝ እርምጃዋን ገታች። «ላኩላት?»

«እኔ እንጃ። አንቺ ምን ሆነሻል? ጅን ያየሽ ትመስያለሽ።»

ሁልጊዜ የሚለያዩበት ወፍጮ ቤት ደረሱ። ዝም ብትል ነገ ጠዋት መስመሩ ጠፍቶ ሊያድር ይችላል፤ ሳሚያም ሳታውቀው ያልፋል። ካልጠፋ ግን እሁድ አጎቷ ሲያነብላት ያለ ምንም ዝግጅት ቁጭ ብላ ልትሰማ ነው። ፈይሩዝ ከአጎትየው ይልቅ የፈራችው ይህ የሚስቅ ፊት ሲለወጥ ማየቱን ነው። ስልኳን አውጥታ የሳሚያን ሙሉ ስም መፈለጊያው ላይ ጻፈችና ሰጠቻት።

ሳሚያ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይኼ የሰጠሁሽ ወረቀት ነው።»

«አዎ። አጥፍቼዋለሁ፤ ግን አልጠፋም።»

«ማንም አያየውም ብለሽኝ ነበር።»

«መስሎኝ ነው ሳሚ። ወላሂ መስሎኝ ነው።»

ሳሚያ አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችምም። ስልኩን መለሰችላት።

«እሁድ ሳይደርስ አዳዳ ይወቁት» አለች። «አጎቴ የሳቸውን ቃል አያልፍም።» ወደ ቤቷ መሄዱን ትታ በመጡበት ተመለሰች። ፈይሩዝ ከኋላ ከኋላዋ ተከተለቻት።

ዕለቱ ኸሚስ ነው፤ የአዳዳ ደጃፍ በሴት ጫማ ተሞልቷል። ሳሚያ ገብታ በሩ አጠገብ፣ ከፈይሩዝ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«ኮቱ፣ ኢንታላኮ፣ ነይ ልጄ» አሉ አዳዳ ቆማ የቀረችውን ፈይሩዝን። «ምን ይገትርሻል? ሐጃ አለሽ እንዴ?»

ፈይሩዝ ስትመጣ ያሰበችው ለአዳዳ ብቻ በጆሯቸው ልትነግራቸው ነበር። ግን ምንጣፉ ላይ የተቀመጡትን ሴቶች አየቻቸው። የአብዛኞቹን ሐጃ በእጇ ጽፋዋለች። የማንኛዋ ተነግሮ የማንኛዋ ይቀራል?

«አለኝ» አለች።

«ሙሉ ስምሽን» አሉ አዳዳ እንደ ወጉ።

ሴቶቹ አሚን ሊሉ እጃቸውን ዘረጉ።

«ፈይሩዝ ሙህዲን» አለች። «እጃችሁን አውርዱና መጀመሪያ ስሙኝ።»